ልብና ሞራ ምን ይነጋገራሉ?



በየብሎኩ ስንዘዋወር ደጋግመን ከምንሰማቸው ወሬዎች አንዱ ስለ ሰው መክሳት የሚነገረው ነው። አንድ ጎረቤት ከስቶ ሲታይ ምክንያቱን ለመፈለግ ማንም አይቸገርም። አንዱ «ሐሳብ ነው ያከሳው» ይላል። ሌላው «በዚህ ቀለብ ደግሞ ማን ሊወፍር ኖሯል?» ይላል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ አይሳሳቱም። ስደት ያከሳል፤ ቀለብ ሲቀነስም ሰው ይከሳል፤ ይህን የምንክድ አይደለንም። ይሁን እንጂ ሰውን የሚያከሳ፣ ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው ሌላም ነገር አለ። እርሱም ልብ ነው። ልብ ስንል ሐሳብና ጭንቀት ማለታችን ሳይሆን በደረታችን ውስጥ የሚመታውን ሥጋ ማለታችን ነው።

ወደዚህ ርዕስ ያመጣን የአንዲት እናት ነገር ነው። እኚህ እናት ወራት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፋ፤ ጉንጫቸው ገባ፤ የአንገታቸው አጥንት ወጣ። ጎረቤቶቻቸው ከድርሻቸው እየቀነሱ ዘይትና ባቄላ ሰጧቸው። እርሳቸው ግን መብላቱም አልሆነላቸውም፤ ሁለት ጉርሻ እንደጎረሱ ሆዳቸው ይሞላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ነጠላ ጫማቸው አልገባ አላቸው። ክሊኒክ ሄደው ሚዛን ላይ ሲወጡ ኪሎአቸው ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ዓይን ያየ ሁሉ ከሱ ይላል፤ ሚዛኑ አልከሱም ይላል። ታዲያ ማንን እንመን?

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት የተማርነው ልብ ደም የሚረጭ ፓምፕ መሆኑን ነው። በአንድ ቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ደምን ወደ መላው አካል ይልካል። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የልብን ሥጋ የተመለከቱ ተመራማሪዎች በላይኛው የልብ ክፍሎች ውስጥ ጥቃቅን የሆኑ ጥቋቁር ቅንጣቶችን አዩ። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች የሚገኙት ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ፓምፕ የሆነ ሥጋ የዕጢ ዕቃ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው ለብዙ ዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆየ።

መልሱን ያገኘው በአርጀንቲና ተወልዶ በካናዳ ኪንግስተን ከተማ ይሠራ የነበረው አዶልፎ ዴ ቦልድ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ከአይጥ የላይኛው የልብ ክፍል የተጨመቀ ፈሳሽ ወስደው በሌሎች አይጦች ደም ሥር ውስጥ ወጉ። አይጦቹ ወዲያው መሽናት ጀመሩ። የሽንቱ መጠን 10 እጥፍ፣ ከሽንቱ ጋር የሚወጣው ጨው ደግሞ ከ30 እጥፍ በላይ ሆነ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1981 ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ልብ ፓምፕ ብቻ ሳይሆን ዕጢም ጭምር መሆኑ ታወቀ። የሚያመነጨው ሆርሞን በአጭሩ ኤ.ኤን.ፒ. ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የጃፓን ተመራማሪዎች ቢ.ኤን.ፒ. የተባለውን ወንድሙን አገኙ። መጀመሪያ የተገኘው በአሳማ አንጎል ውስጥ ስለነበር ስሙ ከአንጎል ጋር ተያይዞ ቀረ እንጂ በብዛት የሚመነጨው ከታችኛው የልብ ክፍል ነው። ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል!

የሁለቱ ሆርሞኖች ሥራ ለመረዳት አያዳግትም። በሰውነት ውስጥ ውሃና ጨው ሲበዛ የደሙ መጠን ይጨምርና የልብን ግድግዳ ይወጥረዋል። ልብ ሲወጠር ሆርሞኑን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑ ኩላሊት ዘንድ ሲደርስ ጨውና ውሃ እንዲወጣ ያደርጋል፤ የደም ሥሮችንም ያላላል። በዚህም ልብ ከሸክሙ ጥቂት ይቀነስለታል። በእኛ አነጋገር ልብ ለኩላሊት «ከበደኝ፣ አቃልልልኝ» ብሎ መልእክት ይልካል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ኩላሊት ነው። ታዲያ ሞራ ከየት መጣ?

ሞራ፣ ጮማ ወይም ስብ የምንለው ነገር በድሮ ጊዜ እንደ ጎተራ ብቻ ይታይ ነበር። ሰው ሲጠግብ ይሞላል፤ ሲራብ ይጎድላል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ የሚሆን ኃይል ስለሚይዝ እንደ ጎተራ ከታየ ጥሩ ጎተራ ነው። ጎተራው የሚከፈተው ደግሞ በትእዛዝ ነው። ስንራብ፣ ስንደነግጥ ወይም ከባድ ሥራ ስንሠራ አድሬናሊንና መሰሎቹ ጎተራውን እንደሚከፍቱ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 በፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ከተማ የሚሠሩት ማክስ ላፎንታንና ባልደረቦቹ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ከሰው አካል በተወሰዱ የስብ ሕዋሶች ላይ የልብን ሆርሞን ሲጨምሩ ሕዋሶቹ የያዙትን ስብ ፈትተው መልቀቅ ጀመሩ። የልብ ሆርሞን የሄደበት መንገድ የአድሬናሊን መንገድ አልነበረም፤ የራሱ የሆነ ሌላ በር ነበረው። ይህ ነገር ለምን ሳይታወቅ ቆየ? ቀደም ሲል ብዙው ምርመራ ይካሄድ የነበረው በአይጥ ላይ ነው። የአይጥ ስብ ደግሞ ይህን የልብ መልእክት እምብዛም አይሰማም። የሰውና የዝንጀሮ ዘር ስብ ግን ይሰማል።

የተለቀቀው ስብ በደም ተጉዞ ለጡንቻዎች ማገዶ ይሆናል። ለልብም ጭምር! ልብ ሌት ተቀን ስለሚሠራ ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኘው ስብን በማቃጠል ነው። እንግዲህ ልብ ሥራ ሲበዛበት ራሱ ጎተራውን አስከፍቶ ስንቁን ያስመጣል ማለት ነው። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ስናነብ መደነቃችንን አልደበቅንም። ቀለቡን ለመቀበል ሰልፍ የማይጠብቅ ብቸኛው የካምፑ ነዋሪ ልብ ሳይሆን አይቀርም።

የልብ መልእክት ስብን ከማስለቀቅም ያልፋል። በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ስብ አለ። ነጩ ስብ ያጠራቅማል፤ ቡናማው ስብ ግን እያነደደ ሙቀት ይሰጣል። ሕፃናት ሲወለዱ ብርድን የሚቋቋሙት በዚህ በቡናማው ስብ ነው። በዕድሜ የገፋን ሰዎችም ጥቂቱ አይጠፋብንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሺላ ኮሊንስና ባልደረቦቿ የልብ ሆርሞኖች ነጩን ስብ ወደ ቡናማው ጠባይ እንደሚገፉት አሳዩ። ቢ.ኤን.ፒ. የተሰጣቸው አይጦች የሚያነዱት ኃይል ጨመረ። አይጦቹ ብርድ ቦታ ሲቀመጡም የልብ ሆርሞናቸው ከፍ አለ።

በዚያው ዓመት በቴክሳስ ዳላስ ከተማ የኤሪክ ኦልሰን ቡድን ከሌላ አቅጣጫ ተነሥቶ ወደዚሁ ነጥብ ደረሰ። በልባቸው ውስጥ ብቻ ሜድ13 የተባለ ፕሮቲን እንዲበዛ የተደረጉ አይጦች ስብ የበዛበት ምግብ እየበሉ እንኳ እንደሌሎቹ አልወፈሩም። የተነካው ልባቸው ብቻ ነበር፤ የተለወጠው ግን የመላ አካላቸው ክብደት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይኸው ቡድን የሁለት አይጦችን የደም ዝውውር በማገናኘት መልእክቱ ከልብ የሚወጣው በደም በኩል መሆኑን አሳየ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ልብ ስብን የሚያስነድድ ከሆነ ወፍራም ሰው ለምን ይወፍራል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የስብ ሕዋስ ለልብ መልእክት ሁለት ዓይነት በር አለው። አንዱ በር መልእክቱን ተቀብሎ ይታዘዛል። ሌላው በር መልእክቱን ይይዝና ያጠፋዋል፤ ደብዳቤ ሳያነብ ቀዶ እንደሚጥል ሰው ነው። ስብ በበዛ ቁጥር ቀዳጁ በር ይበዛል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የነዋሪዎችን ልብ የሚከታተል ታላቅ ጥናት አለ። ከዚህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ውጤት ወፍራም ሰዎች በደማቸው ውስጥ ያላቸው የልብ ሆርሞን ከቀጭኖች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ወፍራም ሰው ጨውንም ስብንም የሚያስወግድለት መልእክት ያንስበታል። ውፍረትና የደም ግፊት አብረው ከሚሄዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደሆነ ይታሰባል። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ምርቃት ነው፤ ምርቃቱን አንነቅፍም። ግን ግፊት ያለባቸው ወገኖች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

የደከመ ልብ ሲጮህ

አሁን ወደ እኚያ እናት እንመለስ። ልብ ሲደክም ደምን በሚገባ መግፋት ያቅተዋል። ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ የልብ ግድግዳም ሌት ተቀን እንደተወጠረ ይኖራል። የተወጠረ ልብ ደግሞ ሆርሞን ይለቃል ብለናል። የደከመ ልብ ያለበት ሰው ደም ውስጥ ያለው ቢ.ኤን.ፒ. ከጤነኛው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በትላልቅ ሆስፒታሎች የልብ ድካምን ለመለየት ከሚደረጉት የደም ምርመራዎች አንዱ ይህንኑ የሚለካ ነው።

ነገር ግን ኩላሊት በዚህ ጊዜ የልብን ጩኸት አይሰማም። ደም የሚደርሰው ስለቀነሰ ሰውየው የደረቀ ይመስለውና ውሃና ጨው ይዞ ያስቀራል። ውሃውም ወደ እግር፣ ወደ ሆድ፣ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ስብ ግን መስማቱን አያቆምም። ልብ ያለ ማቋረጥ «ልቀቅ» እያለ ሲጮህበት እርሱ ይለቃል። በዚህ ላይ ጉበትና አንጀት በውሃ ስለሚያብጡ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ጥቂት ሲበሉ ሆድ ይሞላል። ሌሎችም ጡንቻን የሚያሟሽሹ ነገሮች ይጨመራሉ። የልብ ሆርሞን ብቸኛው ጥፋተኛ አይደለም፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ ግን ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይከሳልም ያብጣልም። ከላይ ስብና ጡንቻ ይቀንሳል፤ ከታች ውሃ ይጨምራል። ሚዛን ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ስለሚናገር ያታልላል። ዓይንም ሚዛንም ልክ ነበሩ። የጤና ሠራተኞች ሚዛን ብቻ አይተው የማይተዉት፣ በመለኪያ ጥብጣብ የላይኛውን ክንድ የሚለኩትና ቅልጥም ላይ በአውራ ጣት የሚጫኑት ለዚህ ነው። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ክንድ ብዙ አይዋሽም።

የእኚህ እናት ልብ መድከሙ ታውቆ ውሃ የሚያስወጣ ኪኒንና ሌሎች መድኃኒቶች ሲጀመሩላቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኪሎአቸው ቀነሰ። ያን ጊዜ ጎረቤቶቻቸው «መድኃኒቱ ጭራሽ አከሳቸው» ብለው ደነገጡ፤ ኪኒኑን እንዲተዉ የመከሯቸውም ነበሩ። መድኃኒቱ ያከሳቸው አልነበረም። የሄደው ውሃው ነው፤ ክሳቱ ከስሩ ቀድሞም ነበረ። ኪኒኑን ቢተዉ ኖሮ ውሃው በቀናት ውስጥ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ከለንደን የወጣ ጥናት የልብ ድካም ኖሮባቸው የከሱ ሰዎች ካልከሱት ይልቅ በሞት አደጋ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህን የምንጽፈው ለማስደንገጥ አይደለም። መክሳትን «ሐሳብ ነው» ብሎ ማለፍ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ እንዳለ ለማሳየት ነው።

ምን ስናይ ወደ ክሊኒክ እንሂድ?

የሰው ፊትና ክንድ እየከሳ እግሩ ካበጠ፤ ቅልጥሙን በአውራ ጣት ተጭነን ስንለቅ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ፤ ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ወይም ትንሽ መንገድ ሲሄድ ትንፋሽ ካጠረው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ እያነሰው ትራስ ከደራረበ ወይም ሌሊት ተነሥቶ ከተቀመጠ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳይባል መታየት አለበት። አንዲት እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወር ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ እንዲህ ከሆነች የአራስ ወግ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ በወሊድ ሰሞን ልብ የሚደክምበት በሽታ አለ። ነፍሰ ጡር አብጣ ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ከተጭበረበረባት ደግሞ በዚያው ሰዓት ትወሰድ። የሕፃናት የሁለት እግር እብጠት ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ልብ ሳይሆን የምግብ እጥረት ነው፤ እርሱም ቢሆን በዚያው ቀን መታየት ይኖርበታል።

የልብ ድካም እንዳለበት የተነገረው ሰው በተቻለው ሁሉ ክብደቱን ይከታተል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ስብ ሊሆን አይችልም፤ ውሃ ነው። ቤታችን ሚዛን ስለሌለ ጫማን፣ የቀለበትን መጥበቅና የምንደራርበውን ትራስ መቁጠር ይረዳል። ጨው ይቀነስ። በቀን ከሁሉም ምግብ ጋር ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። በርበሬያችን ውስጥ ሲዘጋጅ የገባ ጨው አለ፤ ከሱቅ የምንገዛው የሾርባ ኪዩብም ብዙ ጨው አለበት። ወጡ ውስጥ ጨው አልጨመርኩም ያለች ባለቤት ሁለት ኪዩብ ጨምራ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኪኒን አንድ ነገር ማለት ይኖርብናል። ላዚክስና መሰል የሽንት ኪኒኖች በየገበያው ለማክሳት እየተባሉ ሲሸጡ ይሰማል። የልብ ሆርሞን ውሃንም ስብንም ያዛል፤ ኪኒኑ ግን የሚያስወጣው ውሃና ጨው ብቻ ነው። አንድም ግራም ስብ አይነካም። ከውሃው ጋር ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን አብሮ ስለሚያስወጣ የጤነኛውን ሰው የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ለታመመ ጎረቤት የታዘዘ ኪኒን ላልታመመው አይሰጥ፤ የታመመውም ከራሱ አይቀንስ።

በመጨረሻ ስለ ልጆች። በአገራችንና በዚህ ምሥራቅ አፍሪካ ወጣቶችን የልብ ሕመምተኛ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው በጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው ነው። ቶንሲል እያልን የምንንቀው ሕመም አንዳንዱ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በወቅቱ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ የልብንም በሮች ይጎዳል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ እየከሳና እያበጠ በሚሄድ ወጣት ላይ ይታያል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ ደም መፍሰስንና ቁስልን ከማምጣት በቀር። የሚከላከለው በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። ልቡ ተነክቷል የተባለ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ ስላለ ቀኑን ማሳለፍ አይገባም። የመርፌው ቀን ቀለብ ከሚታደልበት ቀን ጋር ከገጠመ፣ በቀለቡ ሰልፍ ሌላ ሰው ተክታችሁ ልጁን ይዛችሁ ኑ።